ሦስት ቀን፣ ሃያ ማይል፣ አሥራ ሁለት ፔንስ፦ የ1679ኙ የእንግሊዝ ሃቢየስ ኮርፐስ ሕግ ሲነበብ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ አንድ አሮጌ ሕግ ገልጠን አብረን እናነባለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነው ሲመጣ ለይቼ እናገራለሁ።

ሃቢየስ ኮርፐስ፣ የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ እስሩ እንዲመረመር የመጠየቅ መብት፣ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ከፍ ከፍ ያለ ነገር ነው፤ ነፃነት፣ የሕግ የበላይነት፣ ማግና ካርታ። ሕጉን ራሱን ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው የማይል ቁጥር፣ የሰዓት ገደብ፣ የመጓጓዣ ሒሳብና የቅጣት ገንዘብ ነው። በእኔ እምነት ያንን መብት ለሥራ ያበቁት እነዚህ ደረቅ ዝርዝሮች ናቸው፤ ስለዚህ ጊዜያችንን የምናጠፋው እነሱ ላይ ነው።

በቅድሚያ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሃቢየስ ኮርፐስን የወለደው የ1679ኙ ሕግ አይደለም። ትእዛዙ ከሕጉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማል። እንግሊዞች ሪት የሚሉት ነገር በንጉሡ ስም የተጻፈ፣ ማኅተም ያረፈበት አጭር ደብዳቤ ነው፤ ለአንድ ሹም ይላክና «ይህን አድርግ» ብሎ ያዘዋል። ሃቢየስ ኮርፐስም ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ ነበር፤ ቋንቋው ላቲን፣ ተግባሩም አንድን ሰው በአካል ፍርድ ቤት ማቅረብ። መጀመሪያ ላይ ሰውን ከእስር ለማስፈታት የታሰበ አልነበረም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ችሎት ጎትቶ ማምጫ ነበር። ዓይነቱም ብዙ ነው። አድ ሬስፖንደንዱም የሚባለው እስረኛው ለሌላ ክስ መልስ እንዲሰጥ ያመጣዋል። አድ ቴስቲፊካንዱም ለምስክርነት ያመጣዋል። ኩም ካውዛ የሚባለው ሰውየውንም ጉዳዩንም ከበታች ፍርድ ቤት ወደ በላይ ይወስዳል። እኛ ዛሬ በደፈናው ሃቢየስ ኮርፐስ የምንለው አድ ሱብጂሲየንዱም የተባለውን ነው፤ የእስሩ ሕጋዊነት እንዲመረመር እስረኛው ከታሰረበት ቀንና ምክንያት ጋር እንዲቀርብ የሚያዝዘውን።

ትእዛዙ ሲደርሰው ወህኒ አዛዡ ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። እስረኛውን ያቀርባል፤ ከዚያም ሪተርን የሚባለውን የጽሑፍ መልስ ይሰጣል። መልሱ «ይህን ሰው የያዝኩት በእገሌ ማዘዣ፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ምክንያት ነው» የሚል ነው። ዳኛው የሚመዝነው ይህንን መልስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በዘመኑ ልማድ በመልሱ ላይ የተጻፈው ፍሬ ነገር እንደ እውነት ይወሰዳል፤ እስረኛው «ሐሰት ነው» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ አይችልም። የሚከራከረው «የተጻፈው እውነት ቢሆን እንኳ ሕጋዊ ምክንያት አይደለም» በማለት ብቻ ነው። በኋላ እንመለስበታለን።

ማግና ካርታ በ1215 በ39ኛው አንቀጹ ነፃ ሰው በእኩዮቹ ፍርድ ወይም በአገሩ ሕግ ካልሆነ በቀር አይታሰርም ብሏል። ትልቅ ቃል ነው። ግን ማን፣ የት፣ በስንት ቀን፣ እምቢ ቢልስ ምን ይደርስበታል የሚለውን አልነገረንም። ሃቢየስ ኮርፐስን ደግሞ ስሙን እንኳ አያነሳም።

ችግሩ አፍጥጦ የወጣው በ1627 ነው። ቻርልስ ቀዳማዊ ፓርላማ ያልፈቀደውን ገንዘብ በግዴታ ብድር ስም ከተገዥዎቹ ሰበሰበ። እምቢ ካሉት መካከል ታስረው የነበሩ አምስት ባላባቶች፣ ሰር ቶማስ ዳርኔል አንዱ ነው፣ ሃቢየስ ኮርፐስ ጠየቁ። የወህኒው መልስ አጭር ነበር፤ «በንጉሡ ልዩ ትእዛዝ»። ወንጀል አልተጠቀሰም፣ ክስ የለም። ዋና ዳኛ ኒኮላስ ሃይድና ባልደረቦቹም እስረኞቹን አልለቀቁም፤ ወደ ወህኒ መለሷቸው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1628፣ ፓርላማው ፒቲሽን ኦፍ ራይት በተባለው ሰነድ ምክንያት ሳይገለጽ ማሰርን ተቃወመ፤ ንጉሡም ተቀበለ። በ1629 ግን ጆን ሴልደንን ጨምሮ የታሰሩ የፓርላማ አባላት ጉዳያቸው በኪንግስ ቤንች ችሎት ሊወሰን ሲል ወደ ለንደን ታወር ተዛወሩ። ችሎቱ ትእዛዝ የሰጠው ለቀድሞው ወህኒ ነው፤ እዚያ ደግሞ አሁን እስረኛ የለም። ንጉሡ ሕጉን በግልጽ አልጣሰም፤ ሰዎቹን ከቦታ ቦታ አዘዋወረ እንጂ።

ቀጥሎ የመጣው የ1640 ሕግ ስታር ቻምበር የተባለውን ፍርድ ቤት አፈረሰ፤ በንጉሡ ወይም በአማካሪ ጉባኤው ትእዛዝ የታሰረ ሰው ሃቢየስ ኮርፐስ እንዲያገኝ፣ ዳኞችም መልሱ ከቀረበ በኋላ በሦስት የችሎት ቀን ውስጥ እንዲወስኑ አዘዘ። እዚህ ላይ ስለ ቁጥር አጻጻፉ ጥቂት ልበል፤ የቆዩ ሕጎችን የሚፈልግ ሁሉ የሚሰናከልበት ነውና። ይህ ሕግ የጸደቀው በጁላይ 1641 ነው። የ1640 የሚባለው እስከ 1793 ድረስ አንድ ሕግ ሌላ ቀን ካልተጠቀሰበት የጸናው ጉባኤው ከተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እንደሆነ ስለሚቆጠር ነው። ሕጎቹም የሚጠሩት በንጉሡ የዘመን ቁጥር ነው። የ1679ኙ ሕግ «በቻርልስ ዳግማዊ 31ኛ ዓመት፣ ምዕራፍ 2» ይባላል። ቻርልስ ከስደት የተመለሰው በ1660 ስለሆነ ቁጥሩ ሊያደናግር ይችላል፤ ዘመኑ የሚቆጠረው ግን አባቱ ከተገደለበት ከጃንዋሪ 30 ቀን 1649 ነው። ከዚያ ስትቆጥሩ 31ኛው ዓመት 1679 ላይ ይወድቃል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ከ1640ው ሕግ በኋላ መርሁ አለ፣ ትእዛዙም አለ። ግን ቀዳዳው ብዙ ነው፤ የ1679ኙ ሕግም መግቢያው ላይ አንዳንዶቹን በስም ይጠራቸዋል። አንደኛው አሊያስና ፕሉሪስ ነው። ወህኒ አዛዡ የመጀመሪያውን ትእዛዝ ዝም ይላል። ሁለተኛ ይወጣል፤ «ቀደም ሲል እንዳዘዝንህ» የሚል፣ አሊያስ የተባለው። እሱንም ዝም ይላል። ሦስተኛ ይወጣል፤ «ደጋግመን እንዳዘዝንህ» የሚለው ፕሉሪስ። ለእያንዳንዱ ወጪ አለው፣ በእያንዳንዱም ሳምንታት ያልፋሉ። አዛዡን ግን እስከ ሦስተኛው ድረስ የሚነካው አልነበረም።

ሁለተኛው የፍርድ ቤት ዕረፍት ነው። የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በዓመት በአራት ወቅቶች ነበር፤ ሂላሪ፣ ፋሲካ፣ ሥላሴና ሚካኤልማስ። አራቱም ተደምረው የዓመቱን ትንሽ ክፍል ነው የሚሸፍኑት፤ ረጅሙ ዕረፍት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። በእኛ አገር በክረምት ፍርድ ቤቶች ሲዘጉ ተረኛ ችሎት የእስር ጉዳይን ያያል። በ1676 ግን ፍራንሲስ ጄንክስ የተባለ የለንደን የጨርቅ ነጋዴ በጊልድሆል፣ በከተማው አዳራሽ፣ አዲስ ፓርላማ ይጠራ ብሎ በመናገሩ በአማካሪ ጉባኤው ትእዛዝ ታሰረ፤ ጊዜው ዕረፍት ነበርና ሎርድ ቻንስለሩ፣ የንጉሡ ከፍተኛ የፍትሕ ሹም፣ ሃቢየስ ኮርፐስ አልሰጥም አለው። ኪንግስ ቤንች በዕረፍት አይሰጥም፣ ቻንስለሩም አልሰጥም ካለ፣ በጁን የታሰረ ሰው እስከ መኸር ይጠብቃል ማለት ነው።

ሦስተኛው ሰውን ከግዛቱ ማስወጣት ነው። በ1667 ከሥልጣን በወረደው በሎርድ ክላረንደን ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ሰዎችን ወደ ሩቅ ደሴቶችና የጦር ሰፈሮች ልኮ ከሕግ እጅ አስወጥቷል የሚል ነበር። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የማይደርስበት ቦታ ያለ እስረኛ መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

እንግዲህ ሕጉ ለእነዚህ የሰጠውን መልስ ተራ በተራ እንይ፤ እስረኛው በሚያልፍበት ቅደም ተከተል።

እስረኛው ወይም ወኪሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእስር ማዘዣውን ቅጂ ነው። ወህኒ አዛዡ በተጠየቀ በ6 ሰዓት ውስጥ መስጠት አለበት። ቅጂው ያስፈለገው ዳኛው ከማዘዙ በፊት እስሩ በምን እንደሆነ ማየት ስላለበት ነው። ከለከሉት? «ጠይቀን ተከለከልን» ተብሎ ይማላል፤ መሐላው በቅጂው ፈንታ ይቆማል። ይህቺ አንዲት ሐረግ ባትኖር አዛዡ ወረቀቱን በመደበቅ ብቻ ሕጉን ሁሉ ባዶ ያስቀረው ነበር።

ቀጥሎ አቤቱታው በዕረፍት ጊዜ ለሎርድ ቻንስለሩ ወይም ለከፍተኛ ፍርድ ቤቶቹ ለአንዱ ዳኛ ይቀርባል። ዳኛው መስጠት ግዴታው ነው፤ ከከለከለ ለእስረኛው 500 ፓውንድ ይከፍላል፣ ከራሱ ኪስ። ዳኛን ስለ ከለከለው ትእዛዝ በግል ገንዘቡ ተጠያቂ ማድረግ በዚያ ዘመንም ዛሬም እንግዳ ነገር ነው። እዚህ ላይ ወጥመድም አለ፤ ሁለት ሙሉ የችሎት ወቅቶች ሳይጠይቅ ያሳለፈ እስረኛ በዕረፍት የመጠየቅ መብቱን ያጣል። ትእዛዙም በላዩ ላይ በዚህ ሕግ መሠረት የወጣ መሆኑ ይጻፍበታል፣ የሰጠውም ዳኛ ይፈርምበታል፤ አዛዡ «ተራ ደብዳቤ መስሎኝ ነው» እንዳይል። አዛዡን በአካል ማግኘት አያስፈልግም፤ ወህኒው ውስጥ ካሉት የበታች ሠራተኞች ለአንዱ ቢተው በቂ ነው።

ከዚያ የርቀቱ ሒሳብ ይመጣል። ወህኒው ከፍርድ ቤቱ 20 ማይል ወይም ከዚያ በታች ከራቀ እስረኛው በ3 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ከ20 እስከ 100 ማይል ከሆነ በ10 ቀን። ከ100 ማይል በላይ ከሆነ በ20 ቀን። ሌላ ገደብ የለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ፈረስ የለም፣ አዛዡ ታሟል የሚል ምክንያት አልተተወም። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዝና ለጉዞ በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከቁጥሩ ያወጣል። ሁለቱ አካሄዶች የተለያዩ ናቸው። «በአግባቡ» የሚለው ቃል ለሰው ፍርድ የተተወ ነው፤ ማይሉ ግን ለማንም አልተተወም። እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ አሳሪው ራሱ መንገዱን የሚገምት ከሆነ፣ ማይሉን እመርጣለሁ።

የመጓጓዣውን የሚከፍለው ማነው? እስረኛው። ሕጉ ጣሪያ አበጀለት፤ በማይል ከ12 ፔንስ፣ ማለትም ከአንድ ሺሊንግ፣ አይበልጥም፤ ልኩንም ዳኛው ትእዛዙ ላይ ይጽፋል። በዚያ ዘመን ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነው። ስለዚህ ከ100 ማይል ርቀት ለመምጣት ጣሪያው 5 ፓውንድ፣ ከ200 ማይል 10 ፓውንድ ይሆናል። እስረኛው በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ወህኒ ቢመልሰው የመልሱን ጉዞ እንደሚከፍልና በመንገድ እንደማያመልጥ በጽሑፍ ግዴታ ይገባል። ጣሪያው ወህኒ አዛዦች የፈለጉትን ዋጋ እየጠሩ እንዳይከለክሉ አግዷል፤ ደሃን ግን አልጠቀመም። ሰሜን እንግሊዝ የታሰረ የቀን ሠራተኛ ያንን ገንዘብ ከየትም አያመጣም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች በዓይነ ሕሊናቸው ያዩት እስረኛ ባላባትና ነጋዴ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

እስረኛው ከቀረበ በኋላ ዳኛው በ2 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ወንጀሉ ዋስትና የሚፈቅድ ከሆነ ዋስ አስጠርቶ ይለቀዋል። ከአገር ክህደትና ከፌሎኒ፣ ማለት ከከባድ ወንጀል፣ በስተቀር ነው። ለእነዚህ ሌላ መንገድ ተበጀ። የክህደት ወይም የፌሎኒ እስረኛ በችሎቱ ወቅት የመጀመሪያ ሳምንት ወይም በተዘዋዋሪው ችሎት የመጀመሪያ ቀን በግልጽ ችሎት «ልዳኝ» ብሎ ይጠይቃል። በሚቀጥለው ወቅት ክስ ካልተመሠረተበት፣ የመንግሥት ምስክሮች ሊቀርቡ አልቻሉም ተብሎ ካልተማለ በቀር፣ በዋስ ይወጣል። በሁለተኛውም ወቅት ተከሶ ካልተዳኘ ይለቀቃል። ተዘዋዋሪ ችሎት ያልኩት ዳኞች ከለንደን ወደ አውራጃዎቹ ይዘውት የሚሄዱትን ሥልጣን ነው፤ ከስሞቹ አንዱ ጄል ዴሊቨሪ ይባላል፤ ወህኒው ውስጥ ያለውን ሁሉ ዳኝቶ ወህኒውን ባዶ የማድረግ ሥልጣን። ሌላው ኦየር ኤንድ ተርሚነር፣ ሰምቶ የመወሰን ሥልጣን።

ቅጣቱ ሕጉን ጥርስ ያስበቀለለት ክፍል ነው። እስረኛውን በጊዜው ያላቀረበ ወይም የማዘዣውን ቅጂ የከለከለ አዛዥ መጀመሪያ 100 ፓውንድ፣ ሲደግም 200 ፓውንድ ይከፍላል፤ ሹመቱንም ያጣል። በሃቢየስ ኮርፐስ የተለቀቀን ሰው እያወቀ በዚያው ወንጀል መልሶ ያሰረ 500 ፓውንድ። ገንዘቡ ለመንግሥት አይገባም፤ ለተበደለው ነው፤ እሱም እንደ ዕዳ ይከስበታል። ቢሞት ወራሾቹ ይከሳሉ፤ ከሳሹ ብቻ ሳይሆን ተከሳሹም ቢሞት ዕዳው ከውርሱ ላይ ይፈለጋል። እስረኛን በሕግ በታወቀ መንገድ ካልሆነ ከወህኒ ወደ ወህኒ ማዛወርም ተከለከለ፤ የ1629ኙ ዘዴ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ከሁሉ የከበደው ቅጣት ሰውን ወደ ስኮትላንድ፣ አየርላንድ፣ ጀርሲ፣ ገርንዚ፣ ታንጂር ወይም ከባሕር ማዶ ወዳለ ሌላ ቦታ በእስረኛነት ለሚልክ የተቀመጠው ነው። ታንጂር ምን አገባት ካላችሁ፣ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የጦር ሰፈር ነበረች። ላኪው ብቻ ሳይሆን ማዘዣውን የጻፈም የፈረመም የረዳም ከ500 ፓውንድ የማያንስ ካሳና ሦስት እጥፍ ወጪ ይከፍላል፤ ሹመት ዳግመኛ አይዝም፤ በዚያ ላይ የፕሪሙኒሪ ቅጣት ይወድቅበታል።

ፕሪሙኒሪ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። መነሻው በ14ኛው ክፍለ ዘመን የወጡ ሕጎች ናቸው፤ ዋናው በሪቻርድ ዳግማዊ 16ኛ ዓመት የወጣው ነው። ዓላማቸው የእንግሊዝን ጉዳይ ወደ ሮም፣ ወደ ጳጳሱ ፍርድ ቤት የሚወስዱትን መቅጣት ነበር። የተፈረደበት ሰው ከንጉሡ ጥበቃ ውጭ ይሆናል፤ መሬቱና ንብረቱ ይወረሳል፤ ንጉሡ እስከ ፈቀደ ድረስ ይታሰራል። ሄንሪ ስምንተኛ በ1529 ካርዲናል ዎልዚን የጣለው በዚህ ነው፤ በ1531 ደግሞ የካንተርበሪ ጠቅላይ ግዛት ካህናት በሙሉ በዚሁ ክስ ፈርተው 100,000 ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። ነገሥታት ቤተ ክህነትን ያስፈራሩበትን መሣሪያ የ1679ኙ ፓርላማ አንስቶ በንጉሡ ሹማምንት ላይ አዞረው። ንጉሡ ምሕረት እንዳያደርግላቸውም አብሮ ከለከለ። ፕሪሙኒሪ ከእንግሊዝ ሕግ የወጣው በ1967 ነው።

ስለ ሕጉ አጸዳደቅ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። ጳጳስ በርኔት እንደጻፈው በጌቶች ምክር ቤት ሎርድ ግሬይና ሎርድ ኖሪስ ድምፅ ቆጣሪ ነበሩ፤ አንድ በጣም ወፍራም ጌታ ሲገባ ግሬይ ለቀልድ አሥር ብሎ ቆጠረው፤ ኖሪስ ልብ አላለም፤ ግሬይም ቀጠለ። እንደ ተረት ሊጣል ይችል ነበር፤ ነገር ግን የምክር ቤቱ መዝገብ ድምፁን 57 ለ55 ይለዋል፣ ድምሩ 112 ነው፤ በዚያ ቀን ተገኙ ተብለው የተመዘገቡት ጌቶች ግን 107 ናቸው። ሕጉ በሜይ 27 ቀን 1679 ጸደቀ፤ የፓርላማው ስብሰባም የዚያኑ ዕለት እንዲቋረጥ ተደረገ።

አሁን ያልሸፈነውን እንይ። ሕጉ የሚናገረው በወንጀል ወይም ወንጀል ነው በተባለ ጉዳይ ስለታሰረ ሰው ብቻ ነው። በባሕር ኃይል በግዳጅ የተወሰደ፣ እብድ ነው ተብሎ በግል ቤት የተዘጋበት፣ ባሪያ ተብሎ የተያዘ፣ እነዚህ ሁሉ ከሕጉ ውጭ ናቸው። ለእነሱ የቀረላቸው የጥንቱ ትእዛዝ ነው፤ ያለ ማይሉ፣ ያለ ቅጣቱ። ጄምስ ሶመርሴት ከባርነት አምልጦ ለንደን ውስጥ ተይዞ ወደ ጃማይካ በምትሄድ መርከብ ላይ በታሰረ ጊዜ የረዳው ይኸው የጥንቱ ትእዛዝ ነበር፤ ሎርድ ማንስፊልድ በጁን 22 ቀን 1772 የመርከቡ አዛዥ መልስ በሕግ በቂ አይደለም ብሎ ለቀቀው። ልብ በሉ፣ ክርክሩ ሁሉ ያንኑ ሪተርን የተባለውን ወረቀት ነበር የሚመዝነው።

ዋስትናም ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ሕጉ «በዋስ ልቀቅ» አለ እንጂ ስንት እንደሆነ አልወሰነም። ዳኞች እስረኛው ሊያቀርበው የማይችለውን ገንዘብ እየጠሩ ትእዛዙን ሳይነኩ እስሩን አስቀጠሉ። የ1689ኙ ቢል ኦፍ ራይትስ ከልክ ያለፈ ዋስትና አይጠየቅ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። መልሱን በማስረጃ መቃወም አይቻልም ያልኳችሁም ደንብ ከወንጀል ውጭ ለታሰሩት የላላው በ1816 ነው፤ የዚያ ዓመት ሕግ በዕረፍት ጊዜ ለዳኛ የማመልከቱን መንገድ ከወንጀል ውጭ ለታሰሩም አስፋፋ፣ በእነሱም ጉዳይ ዳኛው በመልሱ ላይ የተጻፈው እውነት መሆኑን እንዲመረምር ፈቀደ። ይህ በእኔ አስተያየት ከ1679ኙ ባልተናነሰ የሚታወስ ሕግ መሆን ነበረበት፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የእኛን የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ብታነቡ የዚህን የተሻሻለ መልክ ታገኛላችሁ። አመልካቹ በቃለ መሐላ ያሰረውን ሰው ስም፣ የታሰረበትን ቦታና ሁኔታ፣ ነገሩን የሚያውቁ ምስክሮችን ይዘረዝራል፤ ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ለምን እንዳልቻለ ገልጾ ይምልለታል። እስረኛው ማስረጃ ይዞ ይቀርባል ማለት ነው። በማይል የተለካ ቀን ግን የለውም፤ ለእስረኛው የሚከፈል የተወሰነ ቅጣትም የለውም።

የመጨረሻው ነጥቤ መንግሥት ሕጉን ሲፈራ ምን እንዳደረገ ነው። በ1794 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ እያለ፣ በ1817 ደግሞ በአገር ውስጥ ሁከት ተሰግቶ ፓርላማው ሃቢየስ ኮርፐስን «አገደ» ይባላል። የእገዳዎቹ ይዘት ከስማቸው ይጠባል፤ የ1794ቱ የሚለው በአገር ክህደት ተጠርጥሮ በአማካሪ ጉባኤው ወይም በንጉሡ ሚኒስትር ማዘዣ የታሰረ ሰው እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በዋስ አይለቀቅም፣ አይዳኝምም ነው። ቀኑ ሲያልፍ የ1679ኙ ሕግ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል። ያን ጊዜ አሳሪዎቹ ይጋለጣሉ፤ ማዘዣው ጉድለት ያለበት፣ ምክንያቱ ያልተጻፈበት፣ ያለ ሥልጣን የተያዘ ሁሉ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በ1801ም በ1818ም ፓርላማው ተጨማሪ ሕግ አወጣ፤ ኢንደምኒቲ የሚባለውን፤ በእገዳው ጊዜ ሰው ያሰሩትን ባለሥልጣናት ከክስ ነፃ የሚያደርግ። ያለ ፍርድ ታስረው የወጡት ሰዎች ከዚያ በኋላ የሚከሱት ሰው አልነበራቸውም።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።